ሻሕም እንደ ሰንጠረዥ እንዳይቀር

ጅግጅጋ በቼዝ ስሟ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። ይህ ግን አያሳፍራትም፤ ለጭንቅላት ጨዋታ ማንም አስተማሪ አያስፈልጋትም። ከካራማራ ግርጌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ እስከ ቀብሪበያህ፣ ጥላ ባለበት ቦታ መሬት ላይ ሦስት አራት ማዕዘን አንዱ በሌላው ውስጥ ተስሎ፣ ዙሪያውን ሰው ከቦት ካያችሁ ያ ሻሕ ነው። ተጫዋች ሞልቷል፣ ተመልካችም ሞልቷል። የጎደለው ወረቀትና እርሳስ ነው። እሱ ካልተሟላ ደግሞ ጨዋታው የት እንደሚደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን ሰንጠረዥ የት እንደደረሰ ማየት ይበቃል።

ሻሕን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ አራት ማዕዘኖች በየጎናቸው መካከል በመስመር ይገናኛሉ፤ ማዕዘኖቹና መገናኛዎቹ ሲቆጠሩ 24 ነጥብ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል፤ አንዱ ነጭ ድንጋይ፣ ሌላው ከሰል ወይም የተሰባበረ እንጨት። በተራ እየደረደሩ 24ቱንም ነጥብ ይሞላሉ። በድርደራው ጊዜ መብላት የለም። ሰሌዳው ጢም ብሎ ሲሞላ እያንዳንዱ ከባላጋራው አንድ አንድ ጠጠር ያነሣል፤ በተከፈተው ቀዳዳም እንቅስቃሴ ይጀመራል። ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ያሰለፈ «ጃሬ» ሠራ ይባላል፣ አንድ ጠጠርም ይበላል። ሁለት ጠጠር ብቻ የቀረው ተሸነፈ።

ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ቀብሪበያህ ገበያ ዳር ሁለት አዛውንት ተቀምጠው ሲጫወቱ ለተመለከተ ግን ሌላ ነው። አንደኛው ከሰሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳያስቀምጥ ይቆያል። ከኋላው የቆመ የአይሱዙ ረዳት ትዕግሥቱ ያልቅና «አዴር (አጎቴ)፣ ያቺን! የዳሯን!» ይላል። አዛውንቱ ቀና ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ የዳሯን ብነካ እሱ በየት በኩል እንደሚገባ አይተሃል?» ይሉታል። ልጁ ይጎነበስና ያያል። ሌሎቹም ይጎነበሳሉ። ክርክሩ ይነሣል፤ አንዱ በበትሩ ጫፍ አቧራው ላይ መንገዱን ያሳያል፣ ሌላው «የለም፣ ያኔ ይዘጋብሃል» ይላል። በቼዝ ዓለም ትልልቅ ክለቦች እንቆቅልሽ መፍታት የሚሉት ሥራ ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ አዛውንቱ ሲነሡና መሬቱ ሲጠረግ፣ እንቆቅልሹም መፍትሔውም አብረው ይጠፋሉ።

ሰንጠረዥ እንዲህ ነበር የጠፋው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የቼዝ ዘመድ ነበር፤ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ነበሩት፣ ሰሌዳውም መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። የራሱ የሆነ ልዩ አጀማመር ነበረው። ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደየፍጥነታቸው የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አጼ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ተጫውተዋል ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። ራስ ወልደ ሥላሴ ግን የትኛውን ጠጠር መቼ እንዳነሡ፣ በምን ብልሃት እንደረቱ የሚነግረን የለም። ስለ ሰንጠረዥ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ሶልት፣ ፕላውደን፣ ማርሴል ኮኸንና በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት ከመዘገቡት ነው። ሊቃውንት የሞሉበት፣ ብራና የሚፋቅበት አገር የራሱን ጨዋታ ሳይጽፍ ቀረ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቼዝ ከዚህ ዕጣ የዳነው ከጥንት ጀምሮ እንቆቅልሹን የሚጽፍ ሰው ስላገኘ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ አል ዐድሊና አስ ሱሊ የተባሉ ጌቶች ሻትራንጅ ይባል ለነበረው ለዚያ ዘመን ቼዝ መጽሐፍ ጻፉ፤ የተመረጡ አቀማመጦችንም ሰበሰቡ። አስ ሱሊ ከጻፋቸው አንዱ ከእሱና ከደቀ መዛሙርቱ በቀር ማንም አይፈታውም ብሎ የተመካበት ነበር። አቀማመጡ በወረቀት ላይ ስለቀረ ሺህ ዓመት ጠበቀ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ታላቅ መምህር ዩሪ አቨርባክ ፈታው። የባግዳድ ሰው የሞስኮን ሰው ከሺህ ዓመት በኋላ ተገዳደረ ማለት ነው። የቀብሪበያህ አዛውንት ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን የደገሃቡር ሰው እንኳ መገዳደር አይችሉም፤ ያ አቀማመጥ ተጠርጓል።

መጻፉ ከባድ አይደለም። ሦስቱን አራት ማዕዘኖች ከውጭ ወደ ውስጥ ዳር፣ መሐልና ውስጥ እንበላቸው። በእያንዳንዱ ላይ ያሉትን ስምንት ነጥቦች ከላይኛው ግራ ማዕዘን ጀምረን ወደ ቀኝ እየዞርን ከ1 እስከ 8 እንቁጠር። እንግዲህ የዳር አራት ማዕዘን የላይኛው ጎን መካከል ዳ2 ነው፤ ከሥሩ መ2፣ ከዚያም ሥር ው2 አለ። በዚህ አጻጻፍ አንድ እንቆቅልሽ እነሆ። ነጭ ዳ1፣ ዳ3፣ መ1፣ መ2 እና መ3 ላይ አምስት ጠጠር አለው። ጥቁር የቀሩት አራት ናቸው፤ ው2፣ መ8፣ ዳ5 እና ዳ6። ተራው የነጭ ነው፤ በሁለት እንቅስቃሴ ማሸነፍ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ለማንም ይታያል፤ ነጭ ከመ2 ወደ ዳ2 ይወጣል፣ ከላይ ጃሬ ይሠራል፣ አንድ ይበላል። ጥያቄው የትኛውን ነው የሚለው ነው። ጀማሪ ዓይኑ ዳ5 እና ዳ6 ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ላይ ያርፋል፤ ሊሰለፉ ነው ብሎ ከሁለቱ አንዱን ያነሣል። ያኔ ው2 ላይ የቆመው ጥቁር ወደ መ2 ይገባና መመለሻውን ይዘጋል፤ በሁለት እርምጃ የሚያልቀው ይረዝማል። የበሰለ ተጫዋች የሚበላው ያንኑ ው2 ላይ ያለውን በረኛ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁር ምን ቢያደርግ መ2ን የሚደርስበት ጠጠር የለውም፤ በአንድ እርምጃ ጃሬ መሥራትም አይችልም። ነጭ ከዳ2 ወደ መ2 ተመልሶ ሌላ ጃሬ ይሠራል፣ አንዱን ያነሣል፤ ጥቁር ሁለት ይቀሩታል፣ ጨዋታው ያበቃል።

ይህ መፍትሔ ትክክል የሚሆነው ግን በእኛ ሕግ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሞራባራባ የሚባል የሻሕ ዘመድ አለ፤ እሱም 24 ነጥብና ለእያንዳንዱ ሰው 12 ጠጠር አለው፣ ጠጠሮቹንም ላሞች ይሏቸዋል። እዚያ ሦስት ጠጠር ብቻ የቀረው ተጫዋች በመስመር መሄዱ ይቀርለትና ወደ ፈለገበት ባዶ ነጥብ ይበራል። በዚያ ሕግ ቢሆን በረኛው እንደተበላ ጥቁር ሦስት ይቀሩታል፣ የመ8ቱ ጠጠርም በርሮ ዳ7 ላይ ያርፋል፣ ከታች ጃሬ ይሠራል፣ የነጭን ወጥመድ ያፈርሳል። አንድ ሕግ ተለውጦ መፍትሔው ፈረሰ። ሞራባራባ ዛሬ በጽሑፍ የሰፈረ የጋራ ሕግ አለው፤ ማይንድ ስፖርትስ ሳውዝ አፍሪካ የተባለው ድርጅትም ውድድር ያካሂድበታል። እረኞች መሬት ላይ ሲጫወቱት የኖሩት ጨዋታ ማለት ነው። ለእነሱ የተቻለ ለኛ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሻሕ ውድድር ማካሄድም ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቼዝ ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በዙሪክ ከተማ የተሞከረ ስዊስ የሚባል ሥርዓት አለው። በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሄድም። 16 ሰው ሁሉም ከሁሉም ይጋጠም ቢባል 120 ጨዋታ ይሆናል፤ በጥሎ ማለፍ ቢሆን ደግሞ ከሐርሺን አቧራ ለብሶ የመጣው ሰው አንድ ጊዜ ተጫውቶ ሊመለስ ነው። በስዊስ አምስት ዙር፣ 40 ጨዋታ ይበቃል፤ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። ሰዓት መቁጠሪያው በእጅ ስልክ ላይ አለ። ጠጠሩን አላህ መሬት ላይ በትኖታል። ሽልማቱ ግን ከተወዳዳሪዎች ኪስ በሚዋጣ ገንዘብ ባይሆን ይሻላል፤ ያኔ ሽማግሌዎች ቁማር ነው ብለው ይነሣሉ፣ ልክም ናቸው። አንድ ነጋዴ ሙክት ቢያቀርብ ጉዳዩ ያልቃል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «ሻሕ ጫጫታው ነው» ይላሉ። የቼዝ ውድድር ክፍል እንደ መስጊድ ጸጥ ያለ ነው፤ ተመልካች ቃል ቢተነፍስ ይወጣል፣ ተጫዋችም ጠጠር ከነካ ያንኑ ማንቀሳቀስ ግዴታው ነው። የአይሱዙውን ረዳት አፍ ዘግተን የምናተርፈው ሻሕ የሻሕ በድን አይሆንም ወይ? እኔ ጫጫታው ይቅር አልልም፤ ጊዜውን እንለይለት ነው የምለው። የቼዝ ሰዎችም እኮ ዝም ብለው አይኖሩም፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሰሌዳውን ከበው «እዚህ ጋ ብታደርግ ኖሮ» እያሉ የሚከራከሩበት ሰዓት አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ሲጫወቱ ሃያ ደቂቃ ዝም እንበል፤ ከዚያ እስከ መግሪብ እንጩኽ። ደግሞም ለጩኸት የሚሆን ሌላ ቦታ አለ፤ የተጻፉት እንቆቅልሾች በትልቁ ተስለው በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይሰቀሉ፣ በዙሪያቸውም ማንም ሰው ያለ ገደብ ይናገር። ያኔ ተጫዋቹ ላይ የሚጮኸው ረዳት ለራሱ መልስ ኃላፊ ይሆናል። ሴቶች ልጆችም እስከ ዛሬ ከወንዶች ጥላ ሥር ርቀው የቆዩበትን ጨዋታ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያገኙታል።

እንግዲህ ማን ይጀምረው? የሶማሌ ክልል የስፖርትና የባህል መሥሪያ ቤቶች ቢይዙት መልካም ነው፤ በጀት እስኪመጣ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሶማልኛ የሚጽፉ በርካታ ተማሪዎች አሉት። በየሳምንቱ መጨረሻ ወደየትውልድ ከተማቸው ሲሄዱ ደብተር ይዘው ጥላው ሥር ይቀመጡ፤ አንድ ሽማግሌ አንድ ጥሩ አቀማመጥ ይንገራቸው፣ እነሱም ይጻፉ፣ የነገሩትን ሽማግሌ ስምም ፈቃዳቸውን ጠይቀው ከሥሩ ያኑሩ። ጂ. ማሪን የተባለ ሰው የሶማሌ ጨዋታዎችን መዝግቦ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ያሳተመው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ የራሳችንን ሕግ ከባሕር ማዶ መጽሔት መፈለግ አይገባንም።

ቀጥሎ የአውበሬ፣ የደገሃቡርና የቀብሪበያህ ሽማግሌዎች አንድ ቀን ጅግጅጋ ይሰብሰቡና በአንድ ሕግ ይስማሙ። ማን ቀድሞ ያነሣል? ጃሬ ውስጥ ያለ ጠጠር ይበላል ወይስ አይበላም? መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ? በእነዚህ ላይ እንደሚጣሉ አልጠራጠርም። ይጣሉ፤ ጸሐፊው ግን ሕጉን ብቻ ሳይሆን ጠቡንም ከነምክንያቱ ይመዝግብ።