ሴንሰሩ ከመሰቀሉ በፊት ይፈተሽ

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚተነፍሰው አየር ምን ያህል እንደተበከለ የማወቅ መብት አለው። ለዓመታት ይህን በየሰዓቱ ይነግሩት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ በአሜሪካ ኤምባሲ የተተከለው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ምክንያት ከኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን የአየር ጥራት መረጃ ማሠራጨት ሲያቆም የአዲስ አበባውም ተቋረጠ። የከተማችን የጤና መረጃ ከመጀመሪያውም በሌላ አገር በጀት ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ክፍተቱን ለመሙላት በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኙ ትናንሽ ሴንሰሮች ቀርበዋል። በአሥር ሺዎች ዶላር ከሚገዛው ዋና መሣሪያ የሚለያቸው ግን ዋጋቸው ብቻ አይደለም። ዋናው መሣሪያ በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝ በማጣሪያ ላይ ሰብስቦ በቤታ ጨረር መጠነ ቁሱን ይለካል። ትንሹ ሴንሰር ግን በብናኙ ላይ የሌዘር ብርሃን አሳርፎ፣ ከሚበተነው ብርሃን መጠኑን ይገምታል። በክረምት ብናኙ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ቁጥሩን ያጋንናል፤ በበጋ ከመንገድ የሚነሣውን ሻካራ አቧራ ደግሞ አሳንሶ ያያል። ስህተቱ ከወቅት ወቅት ስለሚገለባበጥ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ማስተካከያ አይታረምም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው መመሪያ በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5፣ በ24 ሰዓት 15 ማይክሮ ግራም ነው። ገደቡ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን የጥቂት ማይክሮ ግራም ስህተት መጥፎውን ቀን ደህና አስመስሎ ሕፃናትንና የአስም ሕሙማንን ያዘናጋል።

ይሁንና ትንንሾቹ ሴንሰሮች አይናቁም። ኤምባሲ ግቢ የቆመ አንድ መሣሪያ የመርካቶንና የቃሊቲን አየር ሊነግረን አይችልም። በካምፓላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲው ኤርኮ ፕሮጀክት ርካሽ ሴንሰሮችን ራሱ እየሠራ፣ ከዋና መሣሪያዎች ጋር እያመሳከረ በየሰፈሩ ተክሏል። ለእኛም የሚበጀን ይኸው መንገድ ነው።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከተማ አስተዳደሩ ለዋና መለኪያ ጣቢያዎች የመለዋወጫና የባለሙያ ዓመታዊ በጀት ይመድብ፤ ያለ ጥገና የተገዛ መሣሪያ ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዓይነት ሴንሰር በየሰፈሩ ከመሰቀሉ በፊት ክረምትም በጋም ከዋናው ጎን ቆሞ ይፈተሽ። ሦስተኛ፣ ጥሬውም የታረመውም ቁጥር ከነማስተካከያ ዘዴው ለሕዝብ ይገለጥ። ገበያ ላይ ያልተፈተሸ ሚዛን የማይቀበል ሕዝብ ለሳንባው ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።