በቃል የተጀመረ ሥራ፣ ያለ ማስረጃ የሚቀር ክፍያ

በሰቆጣ ከተማና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ግንበኛው፣ አናጺውና የቧንቧ ባለሙያው ሥራ የሚረከቡት ብዙ ጊዜ በቃል ስምምነት ነው። መተማመን የቆየ ባህል በመሆኑ ውል እንጻፍ ማለት እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል። ክርክሩ የሚነሳው ሥራው አልቆ ቀሪ ሒሳብ ሲጠየቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል ሁሉ በጽሑፍ ይሁን አይልም፤ የቃል ውልም ይጸናል። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። በሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት አለበት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል ደግሞ በቁጥር 1724 መሠረት በጽሑፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ በአንድ ኃላፊ የቃል ትእዛዝ ተጨማሪ ሥራ የሠራ ማኅበር፣ ክፍያ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ሰነድ ሊያጣ ይችላል።

ማስረጃ ያለውም ቢሆን መዘግየት ይጎዳዋል። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን ከአንድ ዓመት በኋላ ከነወለዱ የተከፈለ ገንዘብ የቀደመውን ያህል ሲሚንቶም ሆነ ጤፍ አይገዛም። በመርሕ ደረጃ ሕጉ ለክስ የሚሰጠው 10 ዓመት ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የሥራው ዓይነትና መጠን፣ ዋጋው፣ ቁሳቁስ የሚያቀርበው ወገንና የክፍያው ቀን በአንድ ገጽ ሰፍሮ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ቢፈርሙበት ይበቃል። ክፍያውን በመሠረት፣ በግድግዳና በጣሪያ ደረጃ መከፋፈል የባለሙያውን ኪሳራ ይቀንሳል፤ አሠሪውም ላልተሠራ ሥራ ቀድሞ ከመክፈል ይድናል። ተጨማሪ ሥራ ሲታዘዝ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ የተከፈለው ገንዘብም በየጊዜው በፊርማ ይረጋገጥ። ሰነዱን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥም ይገባል፤ ጦርነት ከንብረት ጋር ወረቀትንም እንደሚያጠፋ የዋግ ኽምራ ነዋሪ ያውቃል።

ክፍያው ከዘገየ የመጀመሪያው እርምጃ ቀን ያለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል። ጉዳዩ በሽማግሌ ከታየም የዕርቁ ቃል፣ የገንዘቡ መጠንና የመክፈያው ቀን ተጽፎ ይፈረም፤ አለበለዚያ ዕርቁ ራሱ ሌላ የቃል ክርክር ይሆናል።

የባለሙያው ዋጋ በወቅቱ ሲከፈል የቀን ሠራተኛውም፣ ድንጋይና አሸዋ አቅራቢውም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ስለሆነም የተጻፈ ውል መተማመንን አያፈርስም፤ ጎረቤታሞች በገንዘብ ሳቢያ እንዳይቃቃሩ ይጠብቃል።