አጥንቱ ቢጠገንም ሕክምናው አላለቀም፦ ከተጂ እስከ ተሃድሶ ሐኪም ያለው መንገድ

በተጂና በዙሪያዋ የሚኖር አርሶ አደር እግሩ ሲሰበር ወይም ወገቡ ሲጎዳ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ጉዳቱ ከከበደ በጅማ መስመር ወደ ቱሉ ቦሎ ወይም ወሊሶ፣ አለዚያም በሰበታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል። አጥንቱ ተጠግኖ፣ ቁስሉ ደርቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕክምናው እንዳበቃ ይቆጠራል። የብዙዎች የዕድሜ ልክ ጉዳት የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

በበቾ ሜዳ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ክረምት በሚጨቀየው የመረሬ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ለማረስ የጸና ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያስፈልጋል። ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከምርቱ ለመካፈል ይገደዳል። የደረቀ መገጣጠሚያ መዘዙ ከጎተራ ይደርሳል።

ሐኪሙ ማን ነው?

የአካል ሕክምናና ተሃድሶ ሐኪም ከአጥንት ቀዶ ሐኪምም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያም የተለየ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ስብራቱን ይጠግናል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእንቅስቃሴ ያክማል፤ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ የጎደለውን ይተካል። የተሃድሶ ሐኪሙ ሕመምተኛው ወደ ሥራውና ወደ ኑሮው እንዲመለስ የእነዚህን ሁሉ ድርሻ አቀናጅቶ ይመራል።

ይህ ሙያ በአፍሪካ እጅግ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ያገኘው ስድስት ሐኪሞችን ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም በደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከሐኪም እስከ ፊዚዮቴራፒ ያሉት የተሃድሶ ባለሙያዎች ተደምረው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 10 አይሞሉም።

ስለዚህ ለተጂ ነዋሪ ልዩ ሐኪሙን ብቻ መፈለግ ብዙ አያራምድም። አገልግሎቱ የሚገኝበትን ተቋም መፈለግ ይሻላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ተሃድሶን ከስያሜው ጀምሮ ይዞ የቆየ ነው። ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የመናገሻው ቼሻየር የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ሲያክም ኖሯል።

ጊዜው የሚያልፍ ሕክምና

ተሃድሶ እንደ ዘር ወቅት አለው። ስትሮክ ከደረሰ በኋላ አብዛኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሰውነቱ ሽባ የሆነ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ወጌሻ ያሰረው እግር ወይም እጅ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስሩ ወዲያው ተፈትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ደም ያላገኘ እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ጓያም እዚህ ላይ ይነሳል። በችግር ዘመን ለወራት ጓያን ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሰንፍ ይችላል፤ ጉዳቱንም የሚመልስ መድኃኒት የለም። ለዚህ ሰው የሚቀረው ተሃድሶ ነው፦ ምርኩዝ፣ እንቅስቃሴና ለአቅሙ የሚስማማ ሥራ።

መንገዱ የት ይሰበራል?

ብዙ ጊዜ መንገዱ የሚሰበረው ታካሚው ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ነው። የመውጫ ወረቀቱ ላይ መድኃኒት ይጻፋል፤ ቀጣዩ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ግን ሊዘለል ይችላል። አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል፦ ቤት ውስጥ የትኛው እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይሠራ? ፊዚዮቴራፒ በቅርብ የት ይገኛል? የሪፈራል ወረቀቱን ማን ይጽፋል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሪፈራል ሰንሰለቱን ከዘለለ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ወረቀቱ ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። መድህኑ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውንም አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 ተሃድሶ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና ገጠሩን ጨምሮ ለነዋሪው ቅርብ እንዲሆን ይደነግጋል። የልዩ ሐኪም ሥልጠና ዓመታት ይፈጃል። በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መመደብና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሆስፒታል የተመለሱትን ቤት ለቤት እንዲከታተሉ ማድረግ ግን ያን ያህል አያስጠብቅም። እስከዚያው ድረስ በምርኩዝ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ ዳግም ሞፈር መጨበጡ የተንጠለጠለው ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው።