ከላሊበላ ወደ ፍሬሽማን ባዮሎጂ፦ ተማሪዋ ባዶ እጇን አልመጣችም

በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት 585,882 ናቸው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929፤ ማለትም 8.4 በመቶ። ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ያለፈው 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ ሁላችንም ስለወደቁት እናወራለን። ዛሬ ግን ስላለፉት እናውራ።

ያለፈው ልጅ ግቢ ሲገባ ሌላ ወንፊት ይጠብቀዋል። ፍሬሽማን ይባላል። በ2012 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተመለሰ ወዲህ የናቹራል ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ጀነራል ባዮሎጂ ነው። ውጤቱ ዲፓርትመንት ሲመደብ ይቆጠራል። ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ የሚፈልግ ተማሪ እዚህ ላይ ከተንሸራተተ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ይቀራል። በሬሜዲያል የገቡትም ባዮሎጂን እዚያው ያገኙታል። ስለዚህ ይህ ኮርስ «አንድ ተራ ኮርስ» አይደለም። ነገ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማን እንደሚቆም ከሚወስኑት አንዱ ነው።

ነገሩን በአንዲት የላሊበላ ልጅ በኩል እንየው። በስም አንጠራትም፤ አንድ ሰው ሳትሆን ብዙ ናት።

ሒሳቡን እንሥራ

በ2017 12ኛ ክፍል የተፈተነች ልጅ፣ ክፍል ካልደገመችና ዓመት ካልዘለላት፣ በ2014 9ኛ ክፍል ነበረች። ላሊበላ በጦርነቱ መጀመሪያ ጊዜ እጅ የቀየረችው በሐምሌ 2013 መጨረሻ ነው። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች። ልጅቷ ደብተር ይዛ 9ኛ ክፍል መግባት የነበረባት መስከረም እዚያ መሐል ላይ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ሕዋስ በደንብ የሚወራውም እዚያ ነው።

ቀጥሎ በ2015 ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉ። በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ይህን ሁሉ አልፋ ግቢ የደረሰች ልጅ ሰነፍ ልትባል አትችልም።

ግን ዶርም ገብታ ሞጁሉን ስትከፍት የሚሰማት ምንድን ነው? «እኔ ምንም አላውቅም።» ከዚያ ምን ታደርጋለች? ያው ሁላችሁም የምታውቁትን። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ታወርዳለች፣ የሲኒየሮችን ወርክሺት ትለምናለች፣ ሌሊቱን ትቸክላለች።

የእኛ ክርክር ይኼ ነው፦ ልጅቷ ምንም ሳታውቅ አልመጣችም። የጎደላት ከቤቷ ያመጣችውን እውቀት ከሞጁሉ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ድልድዩን ደግሞ እስካሁን ማንም ሊሠራላት አልተነሣም።

«ሬስፒሬሽን» መተንፈስ ነው?

ትንሽ ፈተና እንስጣችሁ። ሬስፒሬሽን ምንድን ነው?

«መተንፈስ» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሜታቦሊዝም የሚለው ክፍል ላይ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ግሉኮስን ሰባብሮ ኤቲፒ የሚባለውን ኃይል የሚያወጣበት መንገድ ነው። የግቢያችሁ ወይራም ሬስፒሬሽን ያደርጋል፤ ሳንባ ግን የለውም።

አዳፕቴሽንስ? «መላመድ» እንላለን። ከቆቦ ቆላ ወደ ላሊበላ የወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳገቱ ላይ ያለከልካል። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ይሻለዋል። «ለመድኩት» ይላል። በባዮሎጂ ይኼ አዳፕቴሽን አይባልም፤ አክላማታይዜሽን ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚሆን፣ ቆላ ሲመለስ የሚጠፋ፣ ለልጅ የማይተላለፍ ለውጥ ነው። አዳፕቴሽን ግን በብዙ ትውልድ ውስጥ በዘር እየተላለፈ የሚመጣ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ፈተና አውጪው ደግሞ የሚያጠምደው እዚያ ላይ ነው።

ቲዎሪም እንዲሁ። ሰፈር ውስጥ «ቲዎሪ ነው» ማለት «ግምት ነው፣ መሬት ላይ የለም» ማለት ነው። በሳይንስ ግን ቲዎሪ ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው።

እነዚህን ቃላት የምትስተው ልጅ አላነበበችም ማለት አይደለም። አንብባለች፤ ቃሉን ከለመደችው ትርጉም ጋር አንብባዋለች።

ደማችን ውስጥ ያለው ጥያቄ

ከፍታን ካነሣን አይቀር እንቀጥል። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአናቷ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ታዲያ ደገኛው እንዴት ይኖራል?

የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ሂሞግሎቢን በማብዛት ነው የሚቋቋመው። የቲቤቶቹ ሂሞግሎቢን ያን ያህል አይጨምርም፤ በደማቸው የሚገኘው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት ደግሞ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መረመረ። ሂሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ ማለት ነው። ምክንያቱን ከዚያ ወዲህ የጂን ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ቆይተዋል።

የተጠኑት የላስታ ሰዎች አይደሉም። ጥያቄው ግን የላስታም ጥያቄ ነው። አንድ አስተማሪ ጀነቲክስና ኤቮሉሽንን በዚህ ቢጀምር ከላስታ የመጣች ልጅ ዝም ብላ የምትቀመጥ ይመስላችኋል?

እዚህ ላይ ሳናነሣው የማናልፈው ነገር አለ። ላሊበላ የጸሎት ከተማ ናት። ቄስ ትምህርት ቤት ተቀምጣ ያደገች ልጅ «ኤቮሉሽን» ሲባል ልቧ ሊከብድ ይችላል። ፈተናው ግን እምነቷን አይጠይቃትም፤ አሠራሩን ነው የሚጠይቃት። ልዩነት አለ፣ ልዩነቱ በዘር ይተላለፋል፣ ለአካባቢው የሚስማማው ብዙ ይወልዳል፣ ትውልድ ሲያልፍ ያ ባሕርይ ይበዛል። አባቷ ውርጭ የቻለውን ገብስ ለዘር ለይቶ ሲያስቀምጥ አይታለች። እዚያ የሚመርጠው ገበሬው ነው፤ በተፈጥሮ ምርጫ ደግሞ ውርጩ ራሱ።

ጋን ውስጥ ያለው ላብ

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ጠላ።

ገብሱ ይነከርና ጎንቆል እስኪያወጣ ይቀመጣል፤ ብቅል ይሆናል። ለምን? ዘሩ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ኢንዛይሙ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይቆርጠዋል። ባዮሎጂካል ሞለኪዩልስ ላይ ስለ ካርቦሃይድሬትና ስለ ኢንዛይም የሚቸከለው ይኼው ነው። ብቅሉ ከሌለ እርሾው ስታርቹን እንዳለ ሊበላው አይችልም።

ከዚያ ተጠነሰሰ፣ ጌሾ ገባ፣ ተደፈደፈ፣ ጋኑ ተከደነ። መከደኑ ለቆሻሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅ እርሾው በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ፈርመንቴሽን ማለት ይህ ነው። ኦክስጅን ቢኖር ሕዋሱ ከአንድ ግሉኮስ ወደ 30 ገደማ ኤቲፒ ያወጣ ነበር፤ በፈርመንቴሽን የሚያተርፈው ግን 2 ብቻ ነው። ጋኑ ሲከፈት «ፈልቷል» የምንለው፣ የሚንጣጣው ነገር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው።

ጋኑ ክፍት ሆኖ ቢቆይስ? ይኮመጥጣል። አየር ሲገባ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። እናቶቻችን «አየር አያግባበት» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ «ኦክስጅን ቢገባ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አማራጮቹን አይገምትም።

የእንጀራ ዓይንም የዚሁ ዘመድ ነው። ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዓይኑን የሚከፍተው ከሊጡ የሚወጣው ጋዝ ነው።

ላቲኑ ውስጥ ያለው አማርኛ

ታክሶኖሚ የሚባለውን ክፍል የሚወድ ተማሪ ብዙም አናውቅም። ላቲን፣ ላቲን፣ ላቲን። ግን እስኪ እዩት። ጤፍ፦ ኤራግሮስቲስ ጤፍ። ጭላዳ፦ ቴሮፒቴከስ ጄላዳ። ቀይ ቀበሮ፦ ካኒስ ሲመንሲስ፤ ስሜን ተራራን ይዞ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል ጂነሱ ነው፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይለያል። ሁለተኛው ቃል ከእኛው አገር የሄደ ነው።

ስሙ ለፈተና ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ቀይ ቀበሮና የሰፈር ውሻ ሁለቱም «ካኒስ» ናቸው፤ የቅርብ ዘመዳሞች። ስለዚህ የውሻ በሽታ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ወደ ቀበሮው ይሻገራል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ጥቂቶቹ አቡነ ዮሴፍ ላይ ናቸው። ለምን ጥቂት ሆኑ? ጓሳውን አይጥ ይበላዋል፣ አይጡን ቀበሮው። በእያንዳንዱ እርከን ወደ ላይ የሚያልፈው ኃይል ወደ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድን ቀበሮ ለማኖር ሰፊ ደጋ ያስፈልጋል። ደጋው ሲታረስ መጀመሪያ የሚጎዳው ከላይ ያለው ነው። በአንድ ተራራ ታክሶኖሚ፣ ተላላፊ በሽታና ኢኮሎጂ ተያያዙ።

«ይኼ ነጥብ ያመጣል ወይ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋንና ጭላዳ አይጠየቁም። ቃላቱን መያዝ ግድ ነው፤ ከዚያ አናመልጥም። ነገር ግን የቸከለችው ቃል ብቻ ከሆነ ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም ይጠፋባታል። ነገሩን ከያዘችው ቃሉ ቢጠፋ እንኳ አስባ ትደርስበታለች።

ይህ መንገድ አዲስም አይደለም። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ሌላው ሰው ሲያልፈው እሱ ጠየቀ፣ ሞከረ፣ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳየ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። መነሻው የልብስ እጥበት ነበር።

ተማሪዋ ላይ ብቻ አንጫነው

ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ የምታውቅ ልጅ «በርቺ» ስለተባለች ሕዋስ አይታያትም። ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በጦርነትና በግጭት ዓመት ላጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መሠረት መከለሻ ማድረግ። ሁለተኛ፣ የሚያሳስቱ ቃላትን ለይቶ ማውጣት፤ ተማሪው ከመላው አገር ስለሚመጣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛም። ሦስተኛ፣ ላብ። ሁሉም ላብ ውድ አይደለም፤ እርሾ፣ ስኳር፣ ባዶ የውኃ ጠርሙስና ፊኛ ካለ ፈርመንቴሽን ክፍል ውስጥ ይታያል። ፊኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ ያየ ተማሪ አይረሳውም።

እስከዚያው እናንተ ስልካችሁ ኖት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ እኔ የመሰለኝ ትርጉም፣ እቤት የማውቀው ምሳሌ። ሁለተኛውን በሐቀኝነት ሙሉት። ስህተታችሁ የሚገኘው እዚያ ነው።

ያቺ የላሊበላ ልጅ ነርስ ብትሆን ነገ ከአቡነ ዮሴፍ ሥር ባለ ጤና ጣቢያ ለአንዲት እናት «አየር አያግባበት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ ታስረዳለች። ካልሆነች ደግሞ ያንን ወንበር የሚሞላው ሰው ከየት እንደሚመጣ እኛ አናውቅም።

እናንተስ? ፍሬሽማን ባዮሎጂ ላይ የትኛው ቃል ነው የሸወዳችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ሰብስበን አንድ ላይ እናወጣዋለን።