ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ያስተማሩት ፕሮፌሰር

አንድ ፕሮፌሰር በመድረክ ሲተዋወቁ የሚነበበው ዲግሪያቸውና ሽልማታቸው ነው፤ በጀማሪነታቸው ሌላው የሸሸውን ክፍለ ጊዜ ተቀብለው ማስተማራቸውን የሚያነሳ የለም። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባለቤታቸው ቪንሰንት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠሩ፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው ለመጡት ለእሳቸው ቋሚ ቦታ አልተገኘም። የተሰጣቸው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ስለ አሜሪካ መንግሥት የሚሰጥ የመግቢያ ኮርስ ነበር። በቅዳሜ ማለዳ ለፍሬሽማን ተማሪዎች! ተቀበሉት። ቋሚ ቅጥር ያገኙትም ዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አማካሪ ሲቸግረው ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ እንዴት እንደሚጠብቁ ለዓመታት አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተሸለሙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በወጣትነታቸው የሂሳብ ዝግጅትዎ አይበቃም ተብለው የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት በር የተዘጋባቸው ሴት። ይህ ታሪክ ስለ ጽናት ብቻ ተደርጎ መነገር የለበትም። ብርቱ መምህር ተገፍቶም ቢሆን ይወጣል ብሎ መጽናናት የዩኒቨርሲቲዎችን ጥፋት መሸፈን ነው። የመግቢያ ኮርስን የሚሸከሙ ጀማሪ መምህራን ቋሚ ቅጥርና የምርምር ጊዜ ይገባቸዋል፤ የማዕረግ ዕድገት ሲሰጥም የማስተማር ድካማቸው ከጥናታዊ ጽሑፍ እኩል ይመዘን።