ክላውድ ለመማር የዶላር ካርድ ግድ አይደለም!

«እኛ አገር ክላውድ መለማመድ አይቻልም» የሚለው ሰበብ ይብቃን።

አማዞንም ሆነ ማይክሮሶፍት ነጻ የሙከራ አካውንት ሲከፍቱ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ። የሶዶ ተማሪ ኪስ ውስጥ ያለው የብር ካርድ ነው። በሩ እዚያው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ክላውድ ማለት ስላይድ ላይ የተሳለ ደመና ነው። ተማሪው ትርጉሙን ሸምድዶ ይፈተናል፣ ይመረቃል፣ ቀጣሪው «ሠርተህበታል?» ሲለው ዝም ይላል።

ሌላ በር ግን አለ። ኦፕንስታክ ይባላል። ናሳ እና ራክስፔስ የተባለ ኩባንያ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያ የሌለው ሶፍትዌር ነው። «የድሃ ምትክ» ነው የሚል ካለ ሰርንን ይመልከት። ግዙፉ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን ክላውድ የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? 8 ጊጋባይት ራም ያለው (16 ቢሆን ይመረጣል) አንድ ኮምፒውተር፣ ኡቡንቱ አዲስ የተጫነበት። ዴቭስታክ የሚባለውን መጫኛ አውርዶ፣ አጭር ፋይል ላይ የይለፍ ቃላትን ጽፎ፣ አንድ ትእዛዝ መስጠት ነው። ሲያበቃ ኖቫ ምናባዊ ማሽን ይፈጥራል፣ ኒውትሮን ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ኪስቶን ማን መግባት እንዳለበት ይለያል። ተማሪው ሆራይዘን በሚባለው ገጽ ሁሉንም ያዛል። ዴቭስታክ ለመማሪያ ብቻ ነው፤ የደመወዝ መዝገብ እንዳታስቀምጡበት።

«መብራቱስ? ኢንተርኔቱስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኢንተርኔት በዋናነት የሚያስፈልገው ሲጫን ነው፤ ከዚያ በግቢው ኔትወርክ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ እንደገና መጫንም ሊያስፈልግ ይችላል። ይሁን! ሦስት ጊዜ የጫነ አንድ ጊዜ ከጫነው ይበልጥ ያውቃል።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው። ከተማዋም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሮዎቹ ነገ መረጃቸውን የሚያስተዳድርላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያንን ሰው ከሩቅ በውድ እንቅጠር ወይስ እዚሁ እናፍራ?

ጥያቄያችን ትንሽ ነው፦ ለተማሪ የተፈቀደ፣ ቢበላሽ ማንም የማይቆጣበት አንድ ሰርቨር። በጀት አይጠብቅም። የሚጠብቀው የላብራቶሪውን ቁልፍ የያዘ ሰው ፈቃድ ነው።