የልጅዎ የሩጫ አቅም ፈተና ምን ያህል ይታመናል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሩጫ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ተስፋ ነው። ልጅዎ ለክለብ ወይም ለማሰልጠኛ ማዕከል ምልመላ ቀርቦ «አቅም የለውም» ተብሎ ቢመለስ፣ ያ ውጤት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ምን ይለካል?

ዋናው መለኪያ ሰውነት በከባድ ሩጫ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በደቂቃ የሚጠቀመው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ነው። በትክክል የሚለካው ልጁ ጭምብል አድርጎ በመሮጫ ማሽን ላይ ሲሮጥ ነው። ያም ሆኖ ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢለካ ቁጥሩ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ 58 ባመጣና 60 ባመጣ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ከመለኪያው የመጣ ሊሆን ይችላል።

በሜዳ የሚሰጡት የ12 ደቂቃ ሩጫና የ20 ሜትር ምልልስ ደግሞ ኦክስጅኑን በቀጥታ አይለኩም፤ በቀመር ይገምታሉ። የ12 ደቂቃው ፈተና በ1968 እ.ኤ.አ. ዶክተር ኬነዝ ኩፐር በአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ላይ አጥንተው ያወጡት ነው። የተጠኑት በአብዛኛው አዋቂ ወንዶች ነበሩ።

በእኛ አካባቢ ውጤቱን የሚያዛቡ ነገሮች

ከፍታ፦ ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የበሽሎ ሸለቆ ግን ቆላ ነው። ከፍታ ሲጨምር የሚገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ከቆላ መጥቶ በማግስቱ ደጋ ላይ የተፈተነ ልጅ ደጋ ካደገው ጋር እኩል አልተፈተነም።

ዕድሜ፦ የልደት ምዝገባ በሌለበት የ17 ዓመት ልጅ ከ15 ዓመት ልጅ ጋር ይሰለፋል። ቀድሞ የጎረመሰው ተሰጥኦ ያለው ይመስላል፤ ዘግይቶ የሚያድገው ይጣላል። ሴት ልጅም ሰውነቷ በሚለወጥበት ጊዜ ፍጥነቷ ለጊዜው ቢቀንስ አቅሟ አበቃ ማለት አይደለም።

ምግብ፦ ላይና ታች ጋይንትም ሆኑ ስማዳ የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸውና በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል፤ ኑሮንም አክብዷል። ጠግቦ ያልበላ፣ ወባ ወይም የሆድ ትላትል ያለበት ልጅ ሲፈተን የሚለካው ተሰጥኦው ሳይሆን ችግሩ ነው።

ክብደት፦ ውጤቱ ለኪሎ ስለሚካፈል ልጅ ሲከሳ ቁጥሩ ያምራል። አጥንቱና እድገቱ ግን ይጎዳሉ። ውጤት ለማሻሻል ብሎ ምግብ መቀነስ አይገባም።

የደም ምርመራስ?

በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ግን በዚያ ከፍታ መጠኑ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ለሌላ አገር ደገኞች በወጣ መስፈርት ጤነኛ ልጅ «ደም አነሰው» ሊባል ይችላል። ልጁ ቶሎ የሚደክም ከሆነ የብረት ክምችት (ፌሪቲን) ምርመራ ከተገኘ ይሠራለት።

ቁጥር ብቻውን ሻምፒዮን አይመርጥም

ሌሊሳ ዴሲሳ በተሳተፈበት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለመሮጥ በተሞከረበት ዝግጅት 16 ታላላቅ ሯጮች ተለክተው ነበር። አማካያቸው 71 ገደማ ሲሆን ከዚያ በብዙ ዝቅ ያሉም ነበሩ። ጉልበትን ቆጥቦ መሮጥ፣ ጽናትና የዓመታት ልምምድ በአንድ ቀን ፈተና አይታዩም።

ምን ያድርጉ?

• ፈተናው ከተቻለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ቦታና ሰዓት እንዲደገም ይጠይቁ።
• ልጁ በታመመበት፣ በጾመበት ወይም ረጅም መንገድ በተጓዘበት ማግስት አይፈተን።
• ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የዓመቱን ለውጥ ይመልከቱ።
• ልጁን ከትምህርት አያስወጡት።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ጥሩ ውጤት የጤና ማረጋገጫ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚይዘው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ በሽታ ጎበዝ ሯጭ ላይም ሊኖር ይችላል። ልጅዎ እየሮጠ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ያለልክ ከመታ ወይም ከእኩዮቹ የተለየ ትንፋሽ ካጠረው ሩጫውን አቁሞ ይመርመር። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ። የሴት ልጅዎ የወር አበባ ለሦስት ወር ከቀረ ወይም እስከ 15 ዓመቷ ካልመጣም እንዲሁ ያስመርምሯት።